የደብረ ታቦር አየር፦ በበጋ ከደጅ፣ በክረምት ከጓዳ

ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ በአቅራቢያዋ ይገኛል። የአየር ብክለት ሲነሣ ብዙ ሰው አዲስ አበባን ያስባል እንጂ ደቡብ ጎንደርን አያስብም። በኢትዮጵያ ግን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ማገዶ ነው። ጭሱ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ የሚከማችበት ቦታ ግን ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል።

በበጋ የሚከማቸው ደጅ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ስለሚል መሬት ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። ከመሬት የተጠጋው አየር ይቀዘቅዝና ከብዶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ በላዩ ሞቃቱ አየር እንደ አክንባሎ ይከደንበታል። ማለዳ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ሽቅብ መሄድ አቅቶት በሸለቆውና በረባዳው ላይ ይጋደማል፤ የሚበተነው ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ፣ ረፋዱ ላይ ነው። በዚሁ ወቅት አጨዳና ውቂያ ይደርሳል፤ የአውድማው እብቅና ያልተነጠፈው መንገድ አቧራ ይታከልበታል። ኅዳር 12 ቀን ደግሞ ቆሻሻ ይቃጠላል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ሲሆን፣ ዓላማውም ጤና ነበር። የዛሬው ቆሻሻ ግን ፕላስቲክ የበዛበት ነው፤ የፕላስቲክ ጭስ ደግሞ መርዝ ነው።

ከደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በወረታ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በሩዝ የታወቀ ነው። ሩዝ ሲነሣ የማሳ ቃጠሎ ሊታሰብ ይችላል፤ በሰሜን ሕንድ ፑንጃብ የሩዝ ገበሬዎች ከአጨዳ በኋላ የማሳውን ቅሪት ስለሚያቃጥሉ ጭሱ በየዓመቱ እስከ ዴልሂ ይደርሳል። በእኛ አገር ጭድና ገለባ የከብት መኖ ነው፤ ለጭቃ ቤት ይቦካል፤ ሲቸግርም ይነደዳል። ስለዚህ የማሳ ቃጠሎን ማስቆም እዚህ ብዙም አይረዳም፤ የእኛ ጭስ በዋናነት ከምድጃ የሚነሣ ነው።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ የደጁን አቧራና ጭስ ያጥባል። ሰውም አየሩ ጠራ ይላል። ያን ጊዜ ግን ብርዱ በርና መስኮት ያዘጋል፤ እንጨቱ ይረጥባል፤ በበጋ ተጠፍጥፎ የተከመረው ኩበት ይነሣል። እርጥብ እንጨትና ኩበት ደህና ስለማይነዱ ጭሳቸው ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚገኘው ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አየር በማይዘዋወርበት ቤት የምድጃ ጭስ ከሚፈቀደው መጠን እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችልም ይኸው ድርጅት ይገልጻል። ይህን አየር አብዝተው የሚስቡት ምጣድ ዳር የምትቀመጠው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውን በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል።

ጉዳቱ እርሻንም ይነካል። የተፈጥሮ ደን በአመዛኙ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ብቻ በቀረበት በዚህ አካባቢ፣ የማገዶውን ጉድለት የሚሞሉት ባሕር ዛፍና ኩበት ናቸው። ኩበት በነደደ ቁጥር ማሳው ፍግ ያጣል።

ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የተሠራጨው፣ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ማገዶ መቆጠብና ጭስን ከቤት ማስወጣት ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ለሁለተኛው የጭስ ማውጫ፣ ከመኝታ የተለየ ማድ ቤትና በደንብ የደረቀ እንጨት ያስፈልጋል። እነዚህ ዛሬውኑ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

ዘላቂው መፍትሔ ኤሌክትሪክ ነው። ከጉና የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። ይሁንና አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይፈልጋል። ለአምፖል ታስቦ የተዘረጋ መስመርና ትንሽ ትራንስፎርመር፣ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ጧት ሲጣድ አይችለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። ይህ መብት ጓዳ ድረስ እንዲገባ የኤሌክትሪክ ዕቅዳችን ስንት ቤት አምፖል እንደበራ ብቻ መቁጠሩ አይበቃም፤ ስንት እናት ያለ ጭስ እንደጋገረችም ይቁጠር።