የሸራ ጀልባ ሞተር ብርዱን እንዴት ይከርማል?

«በነፋስ ለምትሄድ ጀልባ ሞተር ምን ይሠራላታል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ነፋስ በሰው ፈቃድ አይነፍስም፤ ጠባብ ወደብ ለመግባትም በሸራ ብቻ መታመን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በስዊድን አገር፣ ከስቶክሆልም ወደ ምሥራቅ በተዘረጉት ብዙ ሺህ ደሴቶች መካከል የሚመላለሱት ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ብዙዎቹ በሆዳቸው ውስጥ አነስተኛ የናፍታ ሞተር ይዘዋል። ባለቤቶቻቸውም በመስከረምና በጥቅምት ከውሃ አውጥተው እስከ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ድረስ በየብስ ያቆዩአቸዋል። በዚያ አገር ክረምት ማለት እንደኛ የሐምሌ ዝናብ ሳይሆን ውሃ ድንጋይ የሚሆንበት ብርድ ነው።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። ጠርሙስ ሞልቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ የረሳ ሰው የሚከተለውን ያውቃል። ብረትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እንደ አሮጌዎቹ የቮልቮ ፔንታ ዲዝሎች ያሉት ሞተሮች የሚቀዘቅዙት የባሕሩን ውሃ ስበው በገላቸው ውስጥ በማዞር ነውና፣ ጥቂት ውሃ ከቀረባቸው ይሰነጠቃሉ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለው አይረጋም የሚለውም ክርክር እዚያ አያዋጣም፤ የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ የስቶክሆልም አካባቢ ባሕር ከ5 እስከ 7 ግራም ብቻ ይይዛል። የተሰነጠቀውን በአዲስ መተካት ደግሞ አሮጌዋ ጀልባ ከምታወጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

መድኃኒቱ አንቲፍሪዝ ነው። ብዙ ሰው የውሃ መሳቢያውን ቱቦ አንቲፍሪዝ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይነክርና ሞተሩን አስነሥቶ፣ ቀለሙ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ሲያይ ሥራው አለቀ ይላል። አላለቀም! በሞተሩ ውስጥ ቴርሞስታት የሚሉት በር አለ፤ የሚከፈተው ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ በሩ ዝግ ነውና አብዛኛው አንቲፍሪዝ በአቋራጭ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው የባሕር ውሃ ግን እንዳለ ይቀራል። አስቀድሞ ማሞቅ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ቀዝቃዛው አንቲፍሪዝ ሲገባ በሩ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። እኔ የምመርጠው ቴርሞስታቱን ፈትቶ ማውጣትን፣ ከታች ያሉትን የውሃ ማፍሰሻዎች መክፈትን (ዝገት ስለሚደፍናቸው በሽቦ መጎርጎር ያስፈልጋል)፣ ከዚያ በኋላ አንቲፍሪዙን ማስገባትን ነው። ውሃው ካልፈሰሰ አንቲፍሪዙን ያቀጥነዋል። ደግሞም ትርፉ ወደ ውጭ የሚፈስ ስለሆነ መርዛም ከሆነው ከኤቲሊን ግላይኮል ይልቅ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይሻላል።

የሞተር ዘይት የሚለወጠው በጸደይ ሳይሆን ከማከረም በፊት ነው። ያገለገለ ዘይት አሲድና እርጥበት ስለሚያጠራቅም ወራቱን ሙሉ ብረቱን ይበላዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ስለሚቀጥን ያን ጊዜ መምጠጥ ይቀላል፤ ፊልትሮውም አብሮ ይለወጣል። የናፍታው በርሜል እስከ አፉ ቢሞላ በውስጡ ጤዛ የሚይዝበት ባዶ ቦታ አይኖርም።

ባትሪም ይታሰብበት። የተሞላ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ብርድ እንኳ ሲችል፣ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ ሊረጋ ይችላል።

በመጨረሻ የውሃው ፓምፕ የጎማ መዘውር ወጥታ ትቀመጣለች፤ ክንፎቿ ለወራት ተጣጥፈው ከቆዩ ጎብጠው ይቀራሉና። መውጣቷን የሚናገር ወረቀት በማስነሻው ቁልፍ ላይ ይንጠልጠል፤ አለዚያ በሚያዝያ ሌላ ሰው መጥቶ ሞተሩን ያለ ውሃ ያስነሣዋል።