ሰናፍጭ የሚቀሰቅሰው ዘበኛ

የሰናፍጭ ፍሬ ደረቅ ሳለ በመዳፍ አኑረው ቢያሸቱት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ ተፈጭቶ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ግን፣ በወንጌል ለታናሽነት ምሳሌ የሆነው ያ ቅንጣት፣ ወጭቱ ላይ ጐንበስ ያለችውን ባለሙያ አፍንጫዋን ሰንጥቆ ዓይኗን ያስነባል። ይኸውም በፍሬው ውስጥ ሲኒግሪን የሚባለው ንጥረ ነገርና ሚሮሲኔዝ የሚባለው ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ስለሚኖሩ፣ ፍሬው ደቆ በውሃ ሲገናኙም ተክሉ ተባይ የሚያባርርበትን የሚፋጅ ዘይት ስለሚወልዱ ነው።

የተባይ መርዝ ለሰው እንዴት ይበጃል ቢሉ፣ ነገሩ ብዙ ያከራከረ ነው። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን በኅዋሳችን ሲሠራ፣ እንደ ምድጃ ፍንጣሪ ያገኘውን የሚለበልብ ትርፍ ይተዋል፤ ብዙዎች ሊቃውንትም መድኃኒቱ ፍንጣሪውን የሚያበርድ ቪታሚን ከውጭ ማስገባት ነው ሲሉ ኖሩ። ነገር ግን በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በገቡበት ምርመራ፣ ከዚሁ ወገን የሚቆጠረውን ቤታ ካሮቲን ለዓመታት በዋጡት ዘንድ የሳንባ ነቀርሳ በ18 በመቶ በዝቶ መገኘቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ተገለጠ።

በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ያስተምሩ የነበሩት ፖል ታላላይ ግን፣ በውስጥ ያለውን ጠባቂ መቀስቀስ ይሻላል ብለው ሲደክሙ ቆይተው፣ በ1992 ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰናፍጩን ዘይት ዘመድ ሰልፎራፌንን ከብሮኮሊ ለይተው አወጡ፤ በ1997ም የሦስት ቀን ቡቃያ ከጐለመሰው ተክል ከ10 እስከ 100 እጥፍ የበለጠ የዚህን ነገር መነሻ እንደሚይዝ አሳዩ። ምሥጢሩን የጃፓኑ ማሳዩኪ ያማሞቶና ረዳቶቻቸው በ1999 ገለጡት፦ ኪፕ 1 የተባለው ፕሮቲን ኤንአርኤፍ 2 የተባለውን ዘበኛ ዘወትር ይዞ ለጥፋት ሲያስረክበው ይኖራል፤ የሚፋጀው ነገር ኪፕ 1ን ሲነካው ግን መዳፉ ይላላል፣ ዘበኛውም ወደ ኅዋሱ እንብርት ገብቶ ግሉታታዮንንና መርዝ አስወጋጅ ኢንዛይሞችን የሚያሠሩትን ጂኖች ያነቃል።

አየሩ በፋብሪካ ጢስ በታወከበት በቻይና፣ በቺዶንግ ወረዳ፣ 291 ሰዎች ለ12 ሳምንት ከፊሎቹ ቡቃያው ያለበትን፣ ከፊሎቹም የሌለበትን መጠጥ (ጣዕሙ እንዲደበቅ አናናስና ሎሚ ተጨምሮበት) ጠጡ፤ ቡቃያውን የጠጡት ቤንዜን የተባለውን መርዝ በሽንታቸው 61 በመቶ አብልጠው ያስወግዱ ነበር። ይህ መርዝን ማስወገድ ነው እንጂ ከነቀርሳ መዳን አይደለም፤ የቡቃያውን እንክብል የሚሸጡት ግን ልዩነቱን ዘለው ያልፉታል። እንዲያውም አንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ ኅዋሳት ኪፕ 1ን አበላሽተው ይህንኑ ዘበኛ ለራሳቸው ሎሌ ያደርጉታል፤ ዘበኛው ያደረበትን ቤት ይጠብቃል እንጂ የቤቱን ጌታ ጠባይ አይመረምርምና።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የአገራችን ጎመን ዘር በሲኒግሪን የበለጸገ የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ነገር ግን ረዥም ቅቅል ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረውን የአንጀት ባክቴሪያዎች በጥቂቱ ይሠሩታል። በእንግሊዝ አገር የተቀቀለ ብሮኮሊ ላይ ጥሬ የሰናፍጭ ዱቄት ነስንሰው ቢመረምሩ፣ በሙቀት የጠፋው ኢንዛይም ከዱቄቱ ተተክቶ ሰልፎራፌኑ በዛ። በጾም ቀን ማዕድ ላይ ከተቀቀለው ጎመን አጠገብ ያንን አስለቃሽ ሰናፍጭ ጠብ የምታደርግ እናት ግን ይህን የነገራት አልነበረም።