አንድ ሰሊጥ፣ ሁለት ስም

«ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይላል ተረቱ። ሙቀጫ ውስጥ ይገናኙ እንጂ ሁለቱ አይዛመዱም። ኑግ የሱፍ ዘመድ ነው። ሰሊጥ ግን ፔዳሊያሴ ከሚባል፣ ብዙ አባል ከሌለው የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል።

የሳይንስ ስሙ ሴሳሙም ኢንዲኩም ነው። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይነግረናል፤ ኢንዲኩም «የህንድ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ታዲያ እዚያው ገጽ ላይ ሌላም ሰሊጥ ተመዝግቧል፦ ሴሳሙም ኦሪየንታሌ፣ «የምሥራቅ»። ሊኒየስ የለያቸው በቅጠል ነበር። ቅጠሉ ድፍን የሆነውን ኦሪየንታሌ፣ የታችኛው ቅጠሉ ሦስት ቦታ የተሰነጠቀውን ደግሞ ኢንዲኩም አለው።

ሰሊጥ ማሳ የገባ ሰው ግን በዚህ መለያ ይገረማል። አንዱን አገዳ ከሥር ወደ ላይ ይመልከት፦ ታች ያሉት ቅጠሎች ሰፋፊ ናቸው፣ ጠርዛቸው የተጠረበ ወይም የተሰነጠቀም ይገኝባቸዋል፤ ወደ ጫፉ ሲሄዱ እየጠበቡ እንደ ጦር ይሾላሉ። ሁለቱንም ዓይነት ያበቀለው አንድ ሥር ነው። ከተለያየ ማሳ ወይም ከተለያየ ቁመት የተቆረጠና የደረቀ ናሙና ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ሁለት ተክል ቢመስለው አይፈረድበትም።

በዕፅዋት አሰያየም ደንብ አንድ ዝርያ የሚጠራው በአንድ ስም ነው፤ ስሞች ሲበዙም ቀድሞ የታተመው ይጸናል። እዚህ ላይ ግን ቀዳሚም ተከታይም የለም፤ መንታ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ይህን፣ ሌላው ያንን ሲጠቀም ኖሯል። በ2004 እ.ኤ.አ. ኒኮልሰንና ዊርሴማ የተባሉ ሊቃውንት ኢንዲኩም እንዲጸና ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነትም አገኘ። በድሮ መጽሐፍ ኦሪየንታሌ የሚል ያገኘ አንባቢ ያው የምናውቀው ሰሊጥ መሆኑን ይወቅ።

«የህንድ» መባሉስ? አብዛኞቹ የዱር ሰሊጦች የሚበቅሉት አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ መነሻውን ወደዚህ የሚያመጡ ነበሩ። ይሁን እንጂ ለእርሻው ሰሊጥ እጅግ የቀረበው የዱር ዘመድ የሚገኘው ህንድ ውስጥ ነው፤ ሁለቱም 26 ክሮሞዞም አላቸው፣ ሲዳቀሉም ፍሬያማ ዘር ይሰጣሉ። በህንድ ክፍለ አህጉር በምትገኘው ጥንታዊት ከተማ በሐራፓ ፍርስራሽም የከሰለ የሰሊጥ ፍሬ ተገኝቷል። ለእኔ የህንዱ ማስረጃ ያመዝናል።

በእኛ ገበያ ደግሞ ሌላ አጠራር አለ፦ የሁመራ፣ የጎንደር፣ የወለጋ። የሁመራው ነጭ ስለሆነ ለዳቦና ለኬክ ይፈለጋል፣ የወለጋው ለዘይት። እነዚህ ግን የንግድ ስሞች ናቸው፤ የትኛውም ጆንያ ቢፈታ የሚወጣው ሴሳሙም ኢንዲኩም ነው።