በአሥራ አንደኛው ሰዓት የተቀጠሩት

ክርስትና የሰውን ዓላማ ከሙያው ወይም ከሀብቱ አይጀምርም። ሰው የተፈጠረው እግዚአብሔርን ሊያውቅ፣ ሊያመልክና ባልንጀራውን ሊወድ ነው ይላል። ጥሪው ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ ነው፤ የሚለያየው በየዕድሜው የሚሠራው ሥራ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ጥሪ የዕድሜ ወሰን አላበጀም። ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ሲጠራ ብላቴና ነበር። ኢዮስያስ በ8 ዓመቱ ነግሦ በ16 ዓመቱ አምላኩን መፈለግ ጀመረ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75፣ ሙሴ ፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነበር።

ጉዳዩን ከሁሉ የሚያፍታታው ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ነው። የአትክልቱ ጌታ ከማለዳ ጀምሮ በየጊዜው ሠራተኛ ሲቀጥር ውሎ፣ በ11 ሰዓት ደግሞ ሥራ ፈትተው የቆሙ ሰዎችን ያገኛል። እነሱንም ያሰማራቸዋል፤ ሲመሽ ለሁሉም እኩል አንድ ዲናር ይከፍላል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሰዓት በራሱ አቆጣጠር ያውቀዋል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ የተቃረበችበት ነው። ምሳሌው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለዘገዩ ሰዎች ማጽናኛ ሆኖ ነው፤ ማጽናኛነቱም እውነት ነው። ሆኖም እነዚያ ሰዎች ለምን እንደቆሙ ሲጠየቁ የመለሱት የሚቀጥራቸው እንዳላገኙ ነው። ጥሪውን ሰምተው ለኋላ ያቆዩት አልነበሩም፤ እንደተጠሩ ሄዱ። ምሳሌውን ለማዘግየት ምክንያት የሚያደርግ ሰው ይህን ያስተውል።

ማዘግየቱ ደግሞ በኑሮ የሚታይ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቀው፣ ሜሮን ተቀብተው በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። በፍልሰታ ጾም ቤተ ክርስቲያኑ በሚቆርቡ ሕፃናት ይሞላል። ጉርምስና ሲመጣ ግን ብዙዎች ይርቃሉ፤ ቅዱስ ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ድርሻ እየመሰለ ይሄዳል። ይህ ልማድ እንጂ ትምህርት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ገብቶ የተዘጋጀን ምእመን ሁሉ ትጋብዛለች። «ሳረጅ እደርስበታለሁ» የሚል ሰው ትዳር የሚመሠርትበትን፣ ልጅ የሚያሳድግበትንና ገንዘብ የሚያገኝበትን ዘመን፣ ማለትም ምክርና ጸሎት አብዝቶ የሚያስፈልገውን ጊዜ፣ ያለ እነዚህ ያሳልፋል።

በዚህ መካከለኛ ዕድሜ እድገት የሚመጣው በትንንሽና በማይቋረጡ ነገሮች ነው። የንስሐ አባት ይዞ ምክሩን መከተል አንዱ ነው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሰናዳ ስለሆነ ሥራ የበዛበት ሰውም የየዕለቱን ድርሻ ማድረስ ይችላል። ወጣቶች ሰንበት ትምህርት ቤት አላቸው፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችን ሲያስተምር ቆይቷል። በየወሩ የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር ጎረቤትን በጸሎትና በመረዳዳት ያስተሳስራል። ጾሙም ያለ ምጽዋትና ያለ ዕርቅ ፍሬው ጥቂት እንደሆነ አባቶች ደጋግመው ያስተምራሉ።

እድገቱ ቀጥ ያለ መንገድ የለውም። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት መሸሹ፣ እየወደቀ ደጋግሞ ዛፍ የሚወጣ ትል አይቶ መመለሱ ይተረካል። በግብፅ ገዳም የከበረው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ወደ ገዳም የገባችው ትዳር ይዛ ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። ያለፈ ኑሮ፣ በጎም ይሁን ክፉ፣ ለማንኛቸውም በሩን አልዘጋባቸውም።

እርጅና የራሱ ጸጋ አለው። አንዳንድ ባልና ሚስት ረጅም ዘመን አብረው ከኖሩ በኋላ ትዳራቸውን በቁርባን ያጸናሉ፤ አንዳንዶች መንኩሰው ቆብ ይጭናሉ። ጉልበት ሲደክም ሥራው አያልቅም፤ ይለወጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፣ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያስታውሰዋል። ዛሬም ለልጅ ልጆቻቸው አቡነ ዘበሰማያትን የሚያስጠኑ፣ በጾም ወራት ቤተሰቡን ለቅዳሴ የሚቀሰቅሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ አያቶች የሚሠሩት የሎይድን ሥራ ነው።