ዛሬ ምን እየጠበቀ ነው?

መኪና ጋራዥ ገብቶ ሲቆይ ወቀሳው ሁሉ ሜካኒኩ ላይ ያርፋል። በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ ቶንጎ ላይ የተሽከርካሪ ስምሪት እየሠራሁ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። መኪናው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ከሚያሳልፈው ጊዜ እጅ የሚነካው ጥቂቱን ነው፤ ቀሪው ጥበቃ ነው። የሚጠበቀው ነገር ደግሞ ይለዋወጣል፤ አንዴ ዕቃ፣ አንዴ ፊርማ፣ አንዴ መንገድ።

የተለመደውን ብልሽት እንውሰድ። አምቡላንስ ሆኖ የሚያገለግለው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ዳገት ላይ ሞተሩ ይግላል። ሾፌሩ ውኃ እየጨመረ ጥቂት ይገፋዋል፤ በመጨረሻ ተጎትቶ አሶሳ ይገባል። ሜካኒኩ ከላይ አይቶ "ጓርኒሲዮን ነው" ይላል። ቴስታታው ሲወርድ ግን ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። ከተጣመ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከላል፤ ከተሰነጠቀ ሌላ ቴስታታ መፈለግ ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ገንዘብም ጊዜም አይገናኝም። ስለዚህ ሞተሩ ሳይከፈት "መቼ ያልቃል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛል እንጂ ቀጠሮ አያገኝም።

ዕቃው ከታወቀ በኋላ የወረቀቱ ተራ ይመጣል። የመንግሥት መኪና ከሆነ ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ይወዳደራል፤ ይጸድቃል፤ ክፍያው ይዘጋጃል። ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን የሚጸናው ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ፊርማው ተሟልቶ ቼኩ ሲደርስ ነጋዴው "በዚያ ዋጋ የለም" ካለ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ነው፤ ፕሮፎርማው ከመሰብሰቡ በፊት ፈራሚዎቹ ቢሮ መኖራቸውን፣ በጀቱም በዚያ አርእስት መኖሩን አረጋግጣለሁ። ወረቀቱ ከተጀመረ በኋላ እንዳይተኛ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። አሶሳ ያልተገኘ ዕቃ አዲስ አበባ ይፈለጋል፤ ያገለገለ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ከአዲስ አበባ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ አሶሳ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ይህ መስመር በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ጓርኒሲዮንና ኩሽኔታ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ሊላክ ይችላል፤ ቴስታታና ካምቢዮ ግን የጭነት መኪና ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት የዕቃ ዝርዝር ሲወጣ ሜካኒኩን ደጋግሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ይህን ስትገጥም ሌላ ምን ይቀየራል?" ቴስታታ መጥቶ ጓርኒሲዮኑ ከተረሳ ለአንድ ስስ ዕቃ ያንኑ መንገድ ሁለተኛ መጠበቅ ነው።

አራተኛው የጥበቃ ምክንያት የዘመን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ አጋማሽ ላይ የተበላሸ መኪና ሒሳብ መዝጊያ ላይ ይደርሳል፤ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ሐምሌ ይጋመሳል። በወረዳችን ይህ ወቅት ዝናቡ የሚበረታበት፣ የገጠሩ መንገድ የሚጨቀይበት፣ መኪናው ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለግበት ነው። እኔ የዓመቱን ትልቅ ምርመራ ሚያዝያ ላይ የማደርገው ለዚህ ነው፤ ራዲያተር፣ የውኃ ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ። ሚያዝያ ላይ የተቀየረ የውኃ ቱቦ ሐምሌ ላይ ቴስታታ ያድናል።

ይህን ሁሉ ካየሁ ወዲህ ለጋራዡ ስደውል "መቼ ያልቃል?" ማለት ትቻለሁ። የምጠይቀው "ዛሬ ምን እየጠበቀ ነው?" ብዬ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ "ነገ፣ ጋሼ" የሚል መልስ ይወልዳል፤ ሜካኒኩ ዋሾ ሆኖ ሳይሆን ይሉኝታ ይዞት ነው። ሁለተኛው ግን ስም ያለው መልስ አለው፤ ቶርኖ ቤት ነው፣ ፋይናንስ ነው፣ ዕቃው ነቀምቴ ደርሷል። ስም ካለው ደግሞ የሚሄድበት ሰው አለ። መልሱን ከነቀኑ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ጥበቃው እኛው ቢሮ ከሆነ ጋራዡን መነዝነዝ ፋይዳ የለውም። "ዛሬ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ሰው አላገኘንም" ከተባለ ግን ጉዳዩ የጋራዡ ነው። ያኔ በጽሑፍ ቀን ቆርጬ እጠይቃለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ መብት የሚጠይቅ ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። የስልክ ጭቅጭቅን በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ጥድፊያም የራሱ ዕዳ አለው፤ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ነው። ከሁሉ የምፈራው ከቆመ መኪና ላይ ዕቃ ፈትቶ መግጠምን ነው። ዛሬ ሞተሪኖ፣ ነገ ዲናሞ እየተባለ አንድ ዕቃ ብቻ ይጎድለው የነበረው መኪና አፅሙ ይቀራል። ግድ ከሆነ ይፈታ፤ ነገር ግን ከየትኛው ሰሌዳ ወደ የትኛው እንደሄደ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ የሚተካበትም ግዥ በዚያው ቀን ተጠይቆ ይሁን። ሞተሩ የተከፈተ መኪና ሸራ ይልበስ፤ ብሎኖቹ በየከረጢቱ ስም ተጽፎባቸው ይቀመጡ፤ ባትሪው ይነቀል። ዕቃው ሲደርስ የጠፋ ብሎን ፍለጋ ሌላ ሳምንት እንዳይበላ ነው።

ይህም ሆኖ መዘግየት አይቀርም። ያኔ ከጋራዡ በፊት መደወል ያለበት ለየጤና ኬላው ነው፤ አምቡላንሱ እንደሌለ፣ ተለዋጩ የትኛው መኪና እንደሆነና የሾፌሩ ስልክ። የመውለጃዋ ቀን የደረሰ እናት ወደ ቶንጎ ቀደም ብላ እንድትመጣ ሊደረግ የሚችለው ይህ ወሬ በጊዜ ከደረሰ ነው። ሌሊት ቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ዳር የወጣ ቤተሰብ መኪናው ጋራዥ መሆኑን እዚያው ቆሞ ከሰማ ጥፋቱ የሜካኒኩ አይደለም፤ የስምሪቱ ነው።