ሐኪም ያልሆነው ገራሲም

አዲስ ተመድበው ወደ ዋርዳችን የሚመጡ ነርሶች ምን እናንብብ ሲሉኝ የቶልስቶይን «የኢቫን ኢሊች ሞት» እላቸዋለሁ። በ1886 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አጭር ልቦለድ ነው፤ ፋታ ባለበት የሌሊት ተረኝነት ያልቃል።

ባለታሪኩ ዳኛ ነው። መጋረጃ እንዴት እንደሚሰቀል ሊያሳይ መሰላል ላይ ወጥቶ ያዳልጠውና ጎኑን ይመታል። ውሎ አድሮ ሕመሙ ይጠናበታል። ሐኪሙ ስለ ኩላሊትና ስለ ትርፍ አንጀት ይተነትናል፤ እሱ የሚፈልገው ግን «ያሰጋኛል ወይስ አያሰጋኝም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። አያገኝም። እሱ በችሎት ተከሳሽ የሚያናግርበትን ኩራት ሐኪሙ መልሶ ያቀምሰዋል። (እዚህ ላይ ቶልስቶይ ሐኪሞችን ትንሽ በድሏል ባይ ነኝ። ኤክስሬይ እንኳ የተገኘው መጽሐፉ ከወጣ ከ9 ዓመት በኋላ ነው፤ ሰውዬው ምን አይቶ ይናገር?)

ቤተሰቡ ደግሞ ሕመም እንጂ ሞት የለም ብሎ ያስመስላል። መሞቱን እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ይህ ውሸት ነው። እኛስ? ኮሪደር ላይ ጠብቆ «እባክሽ እህቴ፣ ለአባባ እንዳትነግሪያቸው» የሚል አስታማሚ ያልገጠመው ነርስ አለ? ከፍቅር ነው የሚሉት። አባባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነቅተዋል፤ ያጡት የሚያዋዩትን ሰው ነው።

ኢቫን ኢሊችን የሚያሳርፈው ገራሲም የሚባል የገጠር ልጅ፣ የቤቱ አሽከር ነው። ሰገራውን ሳይጸየፍ ያወጣል። እግሩ ከፍ ሲል ሕመሙ ቀለል ስለሚለው፣ እግሮቹን ትከሻው ላይ አድርጎ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጣል። ሟች መሆኑንም አይደብቀውም። ዛሬ ፓሊየቲቭ ኬር ብለን በሥልጠና የምንማረው አብዛኛው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ አለ።

እቅጩን አፍርጡ እያልኩ አይደለም። ገራሲምም ዜና አብሳሪ አልነበረም። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ደቂቃም አይፈጅ። መልሱን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው የሚከብደው፣ በተለይ አንድ ነርስ ዋርዱን ብቻዋን ስትይዝ።

ይህን ስትጨርሱ የቼኾቭን «ዋርድ ቁጥር 6» ቀጥሉ። ሥቃይን በፍልስፍና ሲያቃልል የኖረ ሐኪም በመጨረሻ ራሱ ይመራው በነበረው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ይቆለፍበታል። ቼኾቭ ራሱ ሐኪም ስለነበር፣ «ሙያውን አያውቅም» ብላችሁ አታመልጡም።