«ዴፕዝ» እና «ጥልቀት»፦ ስለ ሁለቱ ቃላት ትርጉም፣ አመጣጥና አጠቃቀም

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ አየር ጤና አካባቢ መረጃ ስሰበስብ፣ አንዲት እናት የፈቃድ መጠየቂያ ቅጹን ሳነብላቸው «ጥልቅ ቃለ መጠይቅ» ከሚለው ላይ አስቆሙኝ። «ጥልቅ ማለቱ ደግሞ ለምን አስፈለገ ልጄ?» አሉኝ። ቃሉን አጥርተው ሰምተውታል፤ ያልመረመርኩት እኔ ነበርኩ።

በጥናት ስልት መጻሕፍት «ጥልቅ» የምንለው የእንግሊዝኛውን «ዴፕዝ» ተከትለን ነው። «ዴፕዝ» የተገኘው «ዲፕ» በሚለው ቅጽል ላይ ስም መሥራች ቅጥያ ተጨምሮ ሲሆን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ግድም በጽሑፍ ይታያል። ርዝመትን የሚሰይመው «ሌንግዝ»ም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ስም «ዲፕነስ» ነው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የገባው «ፕሮፋውንድ» ደግሞ በውስጡ «ወለል፣ መሠረት» የሚል ትርጉም ያለው «ፉንዱስ» አለ፤ ዛሬ በአብዛኛው ለሐሳብና ለስሜት ያገለግላል። እርግጥ ነው፣ «ዲፕ» ከመንከርና ከመጥለቅ ግሦች ጋር በሥር ይዛመዳል። «ዴፕዝ» ግን መጠን ሆኖ ረግቷል፤ ከአፍ እስከ ወለል ያለ ርቀት፣ ጕድጓድም ይሁን ዕውቀት።

አማርኛው አልረጋም። «ጠለቀ» ዛሬም እንቅስቃሴ ነው። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ዋናተኛ ይጠልቃል፤ ሜዳሊያ አንገት ላይ ይጠለቃል፤ ጎርፍ መንደር ያጥለቀልቃል። ባልተጠራበት የሚገባ ሰው «ጥልቅ ይላል»፤ ስሙም «ጥልቅ ብዬ» ነው። የእናቲቱ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው፤ በእንግሊዝኛው መጠን የሆነው በእሳቸው ጆሮ መዳፈር ሆነ። ግእዝ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ሥር አለው፤ «ዐመቀ»፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር የሚጋራው። አማርኛ ግን ከእሱ በዋናነት ያስቀረው «እመቀ እመቃት»ን ስለሆነ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚበጅ አይደለም።

ደግሞም እንግሊዝኛ ወደ ታች የሚለካውን አማርኛ ሁልጊዜ ወደ ታች አይለካውም። ብዙ የሚያውቅን ሰው «ሰፊ ዕውቀት አለው» እንላለን፤ የላቀ አእምሮ «ምጡቅ» ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣ። ስለዚህ «ሰፋ ያለ ቃለ መጠይቅ» ማለት ለጆሮ ይስማማል፤ ለጥናት ስልት ግን አያስኬድም። የብዙዎችን መልስ በጥቂቱ የሚሰበስበው የዳሰሳ ጥናት ስፋት ሲባል፣ ጥቂቶችን በዝርዝር ማነጋገር ጥልቀት ነው፤ ሁለቱ ከተደባለቁ ልዩነቱ ይጠፋል።

በእኔ ግምት ችግሩ ቃሉ የሚነገርበት ቦታ እንጂ ቃሉ ራሱ አይደለም። «ጥልቅ ጥናት» ሲባል የሚከፋው የለም፤ ጥናቱ የሚገባው ወደ ጉዳዩ ነውና። በሰው ፊት ሲነገር ግን የሚገባው ወደ ሰውየው ቤት ነው። «ጠለቅ ያለ» የሚለው ለዘብተኛ ቅርጽ ነገሩን ቢያለሳልሰውም ፈጽሞ አያነሣውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በፈቃድ መጠየቂያው ላይ «ዘርዘር ያለ ጥያቄ» ብዬ ለውጬዋለሁ። በምዕራፍ ሦስት «ጥልቅ ቃለ መጠይቅ» እንዳለ ነው።